ቆቃ ሐይቅ የገባው ሞተር

ቅዳሜ ከጠዋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ከናዝሬት ተነሣን። ሐሙስ ዕለት ቆቃ ሐይቅ ላይ ጀልባው የተገለበጠበት ዓሣ አስጋሪ ገመቹ እስከዚያ ጠዋት አልተገኘም ነበር። እኔ ጋዜጠኛው የተላክሁት ግን ለፍለጋው ከምጽዋ ባሕር ኃይል ስለመጣው መሣሪያ እንድጽፍ ነው።

መሣሪያው ጠላቂን ውሃ ውስጥ የሚጎትት ሞተር ነው፤ በባትሪ ይሠራል፣ ከኋላው ፕሮፔለር አለው፣ በሁለት እጅ ይያዛል። ጠላቂው ጓድ ሰለሞን ጭኑ ላይ አጋድሞት ተቀምጧል። ባትሪውን ሲሞላ መብራት እየጠፋበት ሌሊቱን አልተኛም።

ሞጆ ኬላ ላይ ብዙ ቆምን። ፈታሹ ሞተሩን በጣቱ እየነካ፣ «ይፈነዳል?» አለ።

«እኔ ካልፈነዳሁ እሱ አይፈነዳም» አለ ሰለሞን።

አሳለፈን። ሻይና ፓስቲ በስሙኒ ቀማምሰን አቧራውን ተያያዝነው።

ቆቃ ስንደርስ የገመቹ እናት እማማ ብርቄ ዳርቻው ላይ ተቀምጠዋል። ጎረቤት የለቅሶ ድንኳን አምጥቶ ነበር፤ እሳቸው አላስተከሉም። ልጃቸውን ሳያዩ ሞቷል አይሉም፤ ፊታቸው ማንም እንዳያለቅስም ከልክለዋል።

በጀልባ ገብተን ሰለሞን ሁለቴ ጠለቀ። ውሃው ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። ምጽዋ ላይ በጠራ ውሃ የሚሮጠው ሞተር እዚህ ጭቃውን እያነሣ የገዛ እጁን ጋረደበት። በሦስተኛው ጊዜ የሞተሩ ድምፅ ቆመ። ሰለሞን ብቻውን ወጥቶ የጀልባውን ጠርዝ ያዘ፤ ፕሮፔለሩ ላይ መረብ ተጠምጥሟል፣ ቢላ ስጡኝ አለ። በእጁ የመረብ ጫፍ ይዟል።

ጀልባውን የሚቀዝፈው የገመቹ ወንድም ደቻሳ ጫፉን ተቀብሎ አገላበጠ። የመረቡ ተንሳፋፊዎች ከሰማያዊ ነጠላ ጫማ የተቆረጡ ናቸው።

«አትቁረጠው ጓድ» አለ። «የገመቹ ነው። ጫማው የእኔ ነበር።»

ሰለሞን ሞተሩን እዚያው ትቶ መረቡን በእጁ እየዳሰሰ ወረደ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገመቹን ይዞ ወጣ።

እማማ ብርቄ ፊቱን ገልጠው አዩ። በእጃቸው ጭቃውን ጠረጉለት።

«አሁን አልቅሱ» አሉ።

ናዝሬት የገባነው ከመሸ ነው። ዘገባዬ ላይ መሣሪያው ለጠራ ውሃ እንጂ ለቆቃ እንደማይሆን ጻፍሁ። በማግስቱ ወደ ቆቃ ስልክ ደወልሁ። ገመቹ ከቀኑ በስድስት ሰዓት ተቀብሯል።