ሠላሳ ስምንት ደቂቃ

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ አንድ ጊዜ ልነግራቸው ጀምሬ ነበር። «አባ፣ በአንድ ጨዋታ ላይ በደል ሠርቻለሁ» አልኋቸው። «ቁማር ነው?» አሉኝ። የስልክ ጨዋታ እንደሆነ ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና «ታዲያ በስልኩ ማንን ሰደብህ?» አሉኝ። ማስረዳቱ ደከመኝ። «በአንደበቴ ስለበደልሁት» ብዬ በደፈናው አለፍሁት። እሳቸውም ስግደት ሰጡኝ፤ ሰገድሁ። የሰገድሁት ግን ላልሠራሁት ነገር ነበር። የሠራሁት እንዳለ አለ። ዓመት ሊሞላው ነው፤ አሁን የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኛለሁ፤ እሱም አብሮኝ መጥቷል።

ደባርቅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስማር ጓደኞቼ «ሚዛን» ይሉኝ ነበር። ስሙ የወጣልኝ በክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስለ ጌም እጽፍ ስለነበር ነው። የምጽፈው ረጅም አልነበረም። የጌሙን ስም፣ ዋጋውን፣ ከተጀመረ እስኪያልቅ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አሰፍራለሁ። ከዚያ በዚያው ብር መናኸሪያው ጎን ያለው ጌም ቤት ምን ያህል እንደሚያጫውት አስተያይቼ በመጨረሻ አንድ ቃል እጨምራለሁ፤ «ይመዝናል» ወይም «አይመዝንም»። ሰዓት ሳልይዝ አልጫወትም ነበር። ስልኬ አጠገብ የእጅ ሰዓቴን አስቀምጬ፣ ውኃ ልጠጣ ስነሣ እንኳ የተነሣሁበትን ደቂቃ እጽፋለሁ። ስለዚህም ሰው ያምነኝ ነበር። ኪሱ ውስጥ መቶ ብር ያለው ልጅ መጀመሪያ ወደ እኔ መጥቶ «ስንት ሰዓት ያጫውታል?» ይለኛል። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አልነበረም። መቶ ብር ለእኛ ቀላል አይደለም፤ ገዝቶት በአንድ ከሰዓት ቢያልቅበት የሚያዝን ሰው አለ። እኔም ሰው እንዳያዝን የምደክም ይመስለኝ ነበር። እውነቱ ግን ሲያመሰግኑኝ ደስ ይለኝ ነበር። ከጌሙ ይልቅ የምወደው እሱን ነበር።

ባንቺአምላክ የክፍላችን ልጅ ናት፤ ባንቺ እንላታለን። ቤተሰቧ ዳባት ነው፤ እሷ ደባርቅ ቤት ተከራይታ ትማር ነበር። አባቷ ጋሽ ውባለም የስሜን ተራሮችን የሚጎበኙ እንግዶችን ድንኳንና ስንቅ ከደባርቅ ተራራው ላይ ወዳለው ሰፈር ወደ ሳንቃ በር በበቅሎ የሚያደርሱ ሰው ናቸው። ባንቺ ጌም መሥራት የተማረችው ብቻዋን ነው፤ ማን እንዳስተማራት ስትጠየቅ «ኔትወርክ በመጣ ቁጥር» ትል ነበር። በሁለት ዓመት አንድ የስልክ ጌም ሠራች። ስሙ «ወደ ሳንቃ በር» ነው። ሞባይል ቤት ሄዶ መቶ ብር የከፈለ ሰው ስልኩ ላይ ይጫንለታል። ሥራውን ስትጨርስ ክፍል ውስጥ መጥታ «ሚዛን፣ አንተ መዝነው» አለችኝ። ገንዘብ አልተቀበለችኝም።

በሁዳዴ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ተጫወትሁት። ዳማ የምትባል በቅሎ ጭነት ተጭናለች፤ አንተ ገመዷን ይዘህ ከደባርቅ ትወጣለህ። ጠላት የለም፤ ነጥብ የለም። የኮቴዋ ድምፅ የእውነተኛ በቅሎ ኮቴ ነው። መንገድ ላይ ሰው ሲያጋጥምህ ሰላምታ ይሰጥሃል፤ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ አንድ በአንድ መመለስ አለብህ፤ ዘለህ ማለፍ አይቻልም። ቡይት ራስ የሚባለውን ቦታ ካለፍሁ በኋላ ገደሉ በግራዬ ሲከፈት ልቤ ድንግጥ ማለቱን አስታውሳለሁ። ተወለድሁበት በምለው አገር እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ ያየሁት በስልክ ነው። ይህን አልጻፍሁም። ለምን አልጻፍሁም? ደቂቃ ስላልሆነ ነው?

ከዚያ ጭጋግ መጣ። ዳማ ቆመች፤ ጆሮዋን አቆመች፤ ስክሪኑ ነጭ ሆነ። ነካሁት፤ ምንም የለም። ገመዱን ጎተትሁ፤ ኮቴዋ አንዴ ተንቋቋና ዝም አለ። ስልኩን ነቀነቅሁት። ደጋግሜ ነካካሁት። ነጭ ነው። አለቀ አልሁ። ሰዓቴን አየሁ፤ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ። እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «ወደ ሳንቃ በር። መቶ ብር። ሠላሳ ስምንት ደቂቃ፤ ከዚያ ውስጥ ግማሹ ሰላምታ ነው። ሳንቃ በር ሳይደርስ ጭጋግ ውስጥ ያልቃል። አይመዝንም።»

ግሩፑ በሳቅ ሞላ። አንዱ «በቅሎዋ ደክሟት ነው» አለ። ሌላው «ዕቃውን ማን ያድርስልን?» አለ። ከሁሉ የተወደደው ግን «ጭጋግማ ደባርቅ በነፃ አለን» የሚለው ነበር። እኔም ሳቅሁ። ስለ ሰላምታው የጻፍሁት ቀልድ እንደነበረ፣ ሆን ብዬ እንዲስቁ እንደጻፍሁት መደበቅ አልፈልግም። ባንቺ ያን ዕለት ከግሩፑ ወጣች።

ሰኞ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ቧንቧ አጠገብ ጠበቀችኝ። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም።

«ጭጋጉ ላይ ምን አደረግህ?» አለችኝ።

«ነካካሁት።»

«ስንት ጊዜ ቆየህ?»

«ምን እቆያለሁ? አልቆ።»

«አላለቀም» አለች። «በቅሎ ጭጋግ ውስጥ ከቆመች አትጎተትም። ገደሉን ታውቀዋለች፤ አንተ አታውቀውም። ስልኩን አስቀምጠህ ዝም ትላለህ። በነካኸው ቁጥር ትደነግጥና ጭጋጉ እንደ አዲስ ይጀምራል።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«የበቅሎ ነጂ ልጅ ሁሉ» አለችና ሣቅ አለች። «የመሪጌታ ልጅ እንደማያውቅ ግን ረስቼ ነበር።»

አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው፤ በቅሎ ነድቼ አላውቅም። እስከዚህ ድረስ ስሕተት ነው። ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ባንቺ ግን የቀረውን ነገረችኝ። ጋሽ ውባለም ሁለት በቅሎ ነበራቸው፤ ላፕቶፑን የገዙላት አንዷን ሸጠው ነው፤ የተሸጠችውም ዳማ ናት። እንግዳ በቀነሰበት ጊዜ በአንድ በቅሎ ቤት ማስተዳደር አልቻሉም። ስለዚህ እስከ ዳግማ ትንሣኤ ሃያ ሰው ጌሙን ከገዛ ላፕቶፑ የእሷ ሆኖ ይቀራል፤ ካልሆነ ተሸጦ በቅሎ ይገዛበታል ብለዋታል። «ሌላ አልልህም፤ እንዳላለቀ ብቻ ጻፍልኝ» አለች። «ዛሬውኑ አስተካክለዋለሁ» አልኋት።

አላስተካከልሁትም።

ጻፍሁት እንጂ። «ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነበር» ብዬ ጀመርሁ። ከዚያ ከላይ ያለውን ሳቅ ሁሉ፣ የቀይ ልቡን ብዛት አየሁ። ሚዛን ተሳሳተ ሊባል ነው። ባለፈው ወር የመዘንኸውስ ትክክል ነበር ወይ ሊሉኝ ነው። አጠፋሁት። በማግስቱ እንደገና ጻፍሁት፤ እንደገና አጠፋሁት። ጠብቅ ያላለ ጌም ጥፋቱ የራሱ ነው ብዬ ለራሴ ተከራከርሁ። ጥሩ ክርክር ነበር፤ አሁንም ቢሆን ክርክሩን ብቻ ካያችሁት ያሸንፋል። ረቡዕ ዕለት ባንቺ በክፍል በር ላይ «ጻፍህልኝ?» አለችኝ። ከግሩፑ እንደወጣች፣ ልታየው እንደማትችል አውቃለሁ። «አዎ፣ አስተካክዬዋለሁ» አልኋት።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች።

በደሌ ይህ ነው። ሠላሳ ስምንቱ ደቂቃ አይደለም። ሠላሳ ስምንቱን ደቂቃ ባለማወቅ ጻፍሁት፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እያንዳንዱን ቀን ግን አውቄ ዝም አልሁ። ከሁዳዴ አጋማሽ እስከ ፋሲካ ምን ያህል ጊዜ ነው? ሰዓት መቁጠር የምወድ ሰው ያንን አልቆጠርሁም። በዐቢይ ጾም ከሥጋና ከወተት ተከልክዬ፣ ቅዳሴ ሳላስታጉል፣ በኪሴ ባለ ስልክ ውስጥ ውሸቴ እንደተሰቀለ እየዞርሁ ነበር። ማንም አልከለከለኝም። ሁለት መስመር ነበር የሚበቃው።

በዳግማ ትንሣኤ ማግስት ባትሪ ላስቀይር ሞባይል ቤት ገባሁ። ጋሽ ውባለም ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልለው ይዘው ቆመዋል። ጌሙን የገዛው ዐሥራ አንድ ሰው ነበር፤ ሁሉም የበቅሎ ነጂዎችና የፓርኩ ጠባቂ ስካውቶች ልጆች ናቸው። ከክፍላችን አንድም የለ። ባለሱቁ ላፕቶፑን ከፍቶ ሲያይ ጋሽ ውባለም ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

«አንተ የመሪጌታ ልጅ አይደለህም?»

«ነኝ ጋሼ።»

«በልጅነቴ ከአባትህ ዘንድ ቅኔ ልማር ገብቼ ነበር፤ ዓመትም ሳይሞላኝ ወጣሁ እንጂ። እስቲ ንገረኝ፤ የባንቺን ሥራ ሰው አጭር ነው አለ አሉ። አጭር መሆን ነውር ሆነ እንዴ? ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት አይደለም?»

«ነው ጋሼ።»

«እሱን ለመሙላት ስንት ቀን እንቀመጥ ነበር» አሉና ለራሳቸው ፈገግ አሉ።

አጭር ነው ያለው ማን እንደሆነ አያውቁም ነበር። ባንቺ ስሜን አልነገረቻቸውም። እዚያው ቆሜ ነበር፤ አፍ ነበረኝ። አባቴ ሁለት ቤት ቅኔ ሰምተው ቀኑን ሙሉ ሲደነቁ ያደግሁ እኔ፣ አንድም ቀን «ስንት ደቂቃ ፈጀ?» ሲሉ ያልሰማሁ እኔ፣ «ነው ጋሼ» ብዬ ባትሪዬን ይዤ ወጣሁ።

ላፕቶፑ ተሸጠ። በቅሎም ተገዛበት፤ ዳማን ግን አታህልም አሉ። ባንቺ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናው አልመጣላትም። ይህን በእኔ ምክንያት ነው አልልም፤ አይደለምም አልልም። አሁን ዳባት በአክስቷ እህል ቤት ትሠራለች። እኔ ፈተናው መጣልኝ።

ባለፈው ጥር ለእረፍት ወደ ቤት ስሄድ ሚኒባሱ ዳባት ላይ ሰው ሊያወርድ ቆመ። ባንቺ አይታኝ ወደ መስኮቱ መጣች። እጇ ላይ የጤፍ ብናኝ ነበረባት። ስለ ትምህርቴ፣ ስለ ዶርሙ ብርድ፣ ስለ አባቴ ጤና ጠየቀችኝ፤ እኔም አንድ በአንድ መለስሁ። ከዚያ «ያንን ነገር እስከ መጨረሻው ተጫወትኸው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኋት። አልተጫወትሁትም ነበር። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ከፍቼው አላውቅም።

«ዳማስ እንዴት ነበረች?»

«ጥሩ ነበረች።»

ትንሽ አየችኝ። «እሺ» አለች። ሚኒባሱ ሄደ።

ያች «እሺ» አልለቀቀችኝም። ወደ ዩኒቨርሲቲ ከተመለስሁ በኋላ፣ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ጌሙን ከፈትሁት። ሰዓቴን አውልቄ ሻንጣ ውስጥ አስገባሁት። ከደባርቅ ወጣሁ፤ ሰላምታውን ሁሉ መለስሁ፤ ጭጋጉ መጣ፤ ዳማ ቆመች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ እጄን ጭኔ ላይ አስቀመጥሁ። ሁለት ጊዜ ልነካው ቃጣኝ፤ ተውሁት። ምን ያህል እንደጠበቅሁ አላውቅም። በመጀመሪያ ኮቴዋ ተሰማ፤ ከዚያ መንገዱ ታየ።

ሳንቃ በር ይደረሳል። እዚያ አንድ ሰው ቆሞ ይጠብቃል፤ ገመዱን ከእጅህ ይቀበልና ዳማን ይዞ ይሄዳል። ተሸጣለች። አንተ በዚያው መንገድ ብቻህን ወደ ደባርቅ ትመለሳለህ፤ የሚሰማው የአንተ እግር ብቻ ነው። ስትወጣ ሰላም ያሉህ ሰዎች ሁሉ ስትመለስም አሉ። ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ ይጠይቁህና በመጨረሻ እያንዳንዳቸው «በቅሎህስ?» ይሉሃል። መመለስ አለብህ። ዘለህ ማለፍ አይቻልም።

ያኔ ነው ባንቺ በመስኮቱ ምን እንደጠየቀችኝ የገባኝ። «እሺ» ያለችው እንዳልተጫወትሁት አውቃ ነው። ያንን ካወቀች ደግሞ «አስተካክዬዋለሁ» ያልኋትም ውሸት መሆኑን አውቃለች ማለት ነው። ምናልባት ከመጀመሪያውም ታውቅ ነበር።

ይህን ጽሑፍ ያንን ግሩፕ ላይ አወጣዋለሁ። የድሮውን አላጠፋውም፤ ከሥሩ ይቀመጥ። ልጅ ነበርሁ አልልም፤ ጌም ነው አልልም። ይቅርታም አልጠይቅም፤ ይቅርታ ብጠይቅ ባንቺ ወዲያው ትሰጠኛለች፤ እኔም እንደገና በቀላሉ ሸክሜ ሊቀልልኝ ነው። ጌሙ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የምትጠይቁኝ ካላችሁ አላውቅም፤ ባውቅም አልናገርም።

ባንቺ፣ ዳማ እንዴት ነበረች ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ዳማ አልነበረችም። ብቻዬን ተመለስሁ።