ሴቶች በሁለተኛው ዙር

ልጄ በቀደም ከትምህርት ቤት መጥታ «እማ፣ ሙዚየም ሊወስዱን ነው» ስትለኝ፣ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ነገር «ሴቶቹም ትገባላችሁ?» የሚል ነበር። ልጅቷ ግራ ገብቷት አየችኝ። ምን ታድርግ! እናቷን አምስተኛ ክፍል ሳለች የያዛት ንዴት እስከ ዛሬ እንዳልለቀቃት በምን ታውቃለች?

ያኔ ደርግ ወድቆ ብዙም አልቆየም፤ አቃቂ ውስጥ ቪዲዮ ቤት እንደ አሸን የፈላበት ጊዜ ነበር። በጭቃ ቤቱ ውስጥ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ አስቀምጦ፣ አግዳሚ ደርድሮ፣ በሩ ላይ ጥቁር መጋረጃ የጣለ ሁሉ ፊልም ያሳያል። ታዲያ ለማን? ለወንድ! ሴት ልጅ ያንን መጋረጃ ገልጣ ገባች ከተባለ አለቀላት። እናቴ «ከዱርዬ ጋር ተጋፍተሽ ነው ፊልም የምታዪው? እግርሽን ነው የምሰብረው!» ትለኝ ነበር። ወንድሜን ግርማን ግን አንድ ቀን እንኳ «የት ዋልክ?» ብላው አታውቅም።

ስለዚህ እኔ ፊልም የማውቀው በግርማ አፍ ነው። በዓመት ይበልጠኛል፤ አምስተኛን ስለደገመ ግን ክፍላችን አንድ ነበር። እሁድ አመሻሽ ላይ ያየውን እጁን እያወናጨፈ፣ «ዲሽ! ዲሽቃው!» እያለ ያወራልኛል። በነጻ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ካልሲውን አጥባለሁ፣ ያንን የሚገማ ካልሲ! አክተሩ ገደል አፋፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ደግሞ ጸጥ ይላል። «ከዚያስ?» ስለው፣ «ዩኒፎርሜንም እጠቢ» ይለኛል። አክተር እንደማይሞት የአቃቂ ሕፃን ሁሉ ያውቃል፤ ቢሆንም እንዴት እንደተረፈ ሳልሰማ እንቅልፍ አይወስደኝም። እያለቀስኩ አጥባለሁ።

አንድ ቀን የአማርኛ አስተማሪያችን ቲቸር ሽመልስ፣ ፒያሳ ወዳለ የሲኒማ ታሪክ ሙዚየም ሊወስዱን መሆኑን ነገሩን። ጉብኝቱ ሲያልቅ እውነተኛ ፊልም፣ በትልቅ ማሽን፣ ግድግዳ በሚያህል ሸራ ላይ ታያላችሁ አሉን። በትምህርት ቤት በኩል ስለሆነ እናቴም የምትለው አጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የግርማን ካልሲ አልነካሁም። «ከእንግዲህ ራሴ ነኝ የማየው» አልኩት።

የሄድነው ከፋብሪካ በተለመነ ሰርቪስ ነው። ውስጡ ናፍጣና ጥጥ ይሸታል። ሙዚየም የተባለው አንድ ያረጀ ሲኒማ ቤት ጓሮ ያሉ ክፍሎች ናቸው። የፊልም ማሽኖቹ በገመድ ታጥረው ቆመዋል፣ ግድግዳው በፖስተር ተሞልቷል፤ የአሮጌው ፊልም ሽታ እንደ ኮምጣጤ አፍንጫ ይሰነፍጣል። አስጎብኚው ብዙ ነገር አስረዱን። እኔ ግን አንዱንም አልሰማሁ፤ ዓይኔ ፊልሙ የሚታይበት ክፍል በር ላይ ነበር።

በሩ ሲከፈት ክፍሉ ጠባብ ሆኖ ተገኘ። ቲቸር ሽመልስ ለአፍታ እንኳ አላሰቡም። «ወንዶች ግቡ! ሴቶች በሁለተኛው ዙር» አሉ። ግርማ እየሳቀብኝ ገባ። እኛ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። ከውስጥ የፈረስ ኮቴ፣ ተኩስና የወንዶቹ ፉጨት ይሰማል። ጓደኛዬ አያንቱ በሩ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ «ቆይ፣ ሊያልቅ ነው» ትለናለች። አለቀና ወንዶቹ ወጡ። እኛ ተሰልፈን ልንገባ ስንል የሰርቪሱ ሾፌር መጣ። «ሠራተኛ የማደርስበት ሰዓት ደርሷል፤ በሉ ውጡ!»

«ቲቸር፣ እኛስ?» አልኩ።

«አይዟችሁ፣ ወንዶቹ ይነግሯችኋል» አሉኝ። ሾፌሩ ሳቀና «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ!» ብሎ ጨመረበት።

ይነግሯችኋል! እኔ እኮ ሲነገረኝ ነው የኖርኩት! ለምን ግማሽ ግማሽ ሆነን አልገባንም? ለምን ሴቶቹ አልቀደሙም? ምናለ ተደራርበን ብንቀመጥ? ይህንን ያሰበ ትልቅ ሰው አንድ እንኳ አልነበረም፤ ደሜን እስከ ዛሬ የሚያፈላው እሱ ነው።

መንገድ እንደ ጀመርን ግርማ ወንበር ላይ ቆመና «እሺ፣ አክተሩ በፈረስ ሲመጣ…» ብሎ ጀመረ። «አንሰማም!» ብዬ ጮህኩ። አያንቱ የሰርግ ዘፈን አወጣች፣ ሴቶቹ ሁሉ በጭብጨባ ተቀበሏት። ወንዶቹ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ድምፃችንን ከፍ እናደርጋለን። ቲቸር ሽመልስ «ዝም በሉ!» ቢሉ ማን ይስማቸው! ሳሪስ አቦን አልፈን፣ ቃሊቲን አልፈን፣ አቃቂ እስክንገባ አላቆምንም። በማግስቱ ድምፄ ተዘግቶ ዋለ።

ዛሬ እነዚያ ቪዲዮ ቤቶች የሉም። ልጄ የፈለገችውን ፊልም አልጋዋ ላይ ተጋድማ በስልክ ታያለች፤ ሲሰለቻት መሃል ላይ ትዘጋዋለች። ደስ ይለኛል፣ ያንገበግበኛልም። ባለፈው ፋሲካ ቱሉ ዲምቱ ባለው በግርማ ኮንዶሚኒየም ቤት ተሰብስበን ነበር። ጸጉሩ መሸበት የጀመረው ወንድሜ ከምሳ በኋላ ድንገት «አንቺ፣ ያንን የሙዚየሙን ፊልም እኮ እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም። መጨረሻ ላይ…» ሲል፣ ተስፈንጥሬ ተነስቼ አፉን በእጄ ከደንኩት። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔ አልሳቅኩም።

«በዓይኔ ካላየሁት ይቅርብኝ!» አልኩት።