ንጹህ ሸሚዝ የለበሰው ሰውዬ

ከክፍል አስወጥተው ነው የወሰዱኝ። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን እንኳ አላጠፋሁም። እዚህ ጅቡቲ የፈረንሳይኛ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ ደራሲና ተራኪ አንድ አይደሉም እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ለፍልፌያለሁ። ለመርማሪው ያንኑ ብነግረው ሳቀብኝ።

“ይህቺ የቤት ሠራተኛ ማን ናት?” አለ፣ ታሪኬ የወጣበትን መጽሔት እያገላበጠ።

በታሪኩ፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው የሹማምንት ሰፈር አንድ ባለሥልጣን ቤት የምትሠራ ሐበሻ ሴት የታሰሩ የወደብ ሠራተኞችን ስም ዝርዝር በልብስ ቅርጫት ደብቃ ታወጣለች። የታተመው የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ነበር።

“ፈጠራ ናት” አልኩት። ውሸቴን ነው። ሴትዮዋ አለች፤ ታሪኩንም የነገረችኝ ራሷ ናት። ስሟ ከአፌ ከወጣ አለቀላት።

ያስገቡኝ የእስር ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ካርቲየ 2 ሰፈር ጫማ የምሸጥ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ አለኝ። ሙቀቱ ግድግዳውን ሳይቀር ያልበዋል፣ እሱ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ቀትር ላይ የዕለቱ ጫት ከተማ ሲገባ ዘበኛው የሱን አንድ እስር ጫት አምጥቶ ሰጠው። ጆሮ ጠቢ ነው አልኩ በልቤ። የቱ እስረኛ ነው ጫት በእጁ የሚሰጠው?

ግማሹን ገፋልኝ። አልነካሁትም።

“ያቺን ታሪክህን ልጄ ከትምህርት ቤት አምጥታልኝ አንብቤያታለሁ” አለ። “መጨረሻዋ ምን ሆነ?”

ጫማ ሻጭና የሥነ ጽሑፍ መጽሔት! ጭራሽ ልቤ ሸሸው። ሦስት ቀን ሙሉ ጠየቀኝ፤ ያዟት ወይ፣ ዝርዝሩስ ደረሰ ወይ። ሦስት ቀን ሙሉ ጀርባዬን ሰጠሁት።

በአራተኛው ቀን ወጥመድ አዘጋጀሁ። በልቤ የሌለች ሴት ፈጥሬ አርሂባ ሰፈር አስቀመጥኳት። መርማሪው ነገ ስለ አርሂባ ከጠየቀኝ ሰውዬው ታወቀ ማለት ነው።

“ስሟን ልንገርህ” ስለው ዘሎ አፌን በመዳፉ ከደነው።

“አቦ ተው መምህር። እኔ ዱላ አልችልም፤ ካወቅኩ እናገራለሁ። ስሟን ማን ጠየቀህ? መጨረሻዋን ነው ያልኩህ።”

አፈርኩ። ስንት ዓመት ስለ አንባቢ ሳስተምር ኖሬ፣ አንባቢ አጠገቤ ሲቀመጥ ሰላይ አደረግኩት። ኋላ እንደነገረኝ ሸሚዙንም ጫቱንም የምትልክለት ሚስቱ ናት፤ ከጫቱ ግማሹን ዘበኛው ይወስዳል።

ያን ቀን ጫቱን ተቀበልኩትና ገና ያልጻፍኩትን መጨረሻ ነገርኩት። ሲያዳምጥ እጁ ላይ ያለውን ቅጠል ረሳው።

“ደግ አደረግክ፣ አተረፍካት” አለ።

በማግሥቱ ሴትዮዋ እውነተኛ መሆኗን አምናለሁ የሚል ወረቀት አቀረቡልኝ። ከሥሩ “ልብ ወለድ ነው” ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። መርማሪው ወረቀቱን ቀደደው።

ከሁለት ወር በኋላ ስፈታ ሰውዬው እዚያው ቀረ። ሴትዮዋ ማንም ሳይነካት አገሯ ገባች። እኔ ዛሬም ሥራዬን የሚያደንቅ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ሸሚዙን ነው፤ አመሉ አልለቀቀኝም። ታሪኩ በመጽሐፍ ሲወጣ ለሱ ያሰብኩትን የመታሰቢያ ገጽ ባዶ ተውኩት። ስሙን አልጠየቅኩትም ነበር። ዱላ እንደሆነ እኔም አልችልም።