የሚያፏጨው ፔዳል

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚህ ጀርመን፣ ቦርንሃይም በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ፣ በአንድ ሽማግሌ ወዳጃችን ኩሽና ውስጥ ሦስት ሆነን እንሰበሰባለን። የጊታር ፔዳል እንሠራለን። ፔዳል በጊታሩና በስፒከሩ መካከል መሬት ላይ የሚቀመጥ፣ በእግር ሲረገጥ ድምፁን የሚያሻክር ወይም የሚያስተጋባ ትንሽ የብረት ሳጥን ነው። ከሱቅ ይገዛል፤ እኛ ግን በገዛ እጃችን ካልበየድነው ደስ አይለንም። ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ሚስቴ ጠይቃኝ ጠይቃኝ ትታዋለች።

ሽማግሌው አዲስ አበባ ሬዲዮ ሲጠግኑ ኖረው፣ እዚህ መጥተው ደግሞ መሃል ከተማ ሆቴል ሲያጸዱ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሦስተኛዋ አረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ቤዝ ጊታር የምትጫወት እህት ናት። እጇ የተባረከ ነው፤ እሷ የበየደችው ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። እኔ ኤርፖርት አውሮፕላን ላይ ሻንጣ እጭናለሁ፤ ሥራውን ከጀመርኩ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ጣቶቼ ወፋፍራም ናቸው፣ ብየዳዬም የዶሮ ኩስ ነው የሚመስለው። ግን ጆሮ አለው ይባልልኝ ነበር። እሑድ በተከራየነው አዳራሽ ጊታር እጫወታለሁ፤ የሁሉንም ድምፅ የማስተካክለውም እኔ ነኝ።

የጠረጴዛችን ልማድ ይሄ ነው። አንዱ አዲስ ነገር ሠርቶ ሲመጣ ሌሎቹ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ፤ እሱ ይጫወታል፤ እነሱ ሳያዩ ይፈርዳሉ። የመጨረሻው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ የእኔ ነበር።

«ይሄኛው ቅቤ የሌለው ሽሮ ነው» እላለሁ።

«አንተ ደግሞ ሲርብህ ነው የምትፈርደው» ትለኛለች እህታችን። ሽማግሌው ይስቃሉ። ቀኑ እንዲህ ሲል ይመሻል።

በዚያ ሰሞን ግን ከልጄ ጋር ተኳርፈን ነበር። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ሳሎን ውስጥ አዲሱን ፔዳሌን ባበራሁ ቁጥር ብድግ ብላ ክፍሏ ትገባና በሯን ትዘጋለች። «ምን ሆንሽ?» ስላት «ኮፕፍሽሜርትሰን» ትለኛለች፤ ራሴን አመመኝ ማለቷ ነው። ሁልጊዜ ጊታሬን ሳነሳ ብቻ የሚመጣ ራስ ምታት አልዋጥልህ አለኝ። በመዝሙራችን አፍራ ነው ብዬ ደመደምኩ። ቱግ ባይ ነኝ፣ አልክድም። አንድ ቀን «አንቺማ ፈረንጅ ሆነሻል» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ በቀር ምንም አንነጋገርም ነበር።

ኅዳር ወር ውስጥ በአንዱ ቅዳሜ ይህንኑ ፔዳል ይዤ ቦርንሃይም ሄድኩ። ተጫወትኩ። ሁለቱ ከመስኮቱ ዘወር አሉ።

«ያፏጫል» አለች እህታችን።

«ምኑ?»

«ፔዳልህ። ቀጭን ፉጨት አለው። ሦስት እሑድ ሙሉ አዳራሽ ውስጥ ስንሰማው ነበር።»

ሽማግሌው የመበየጃ ብረታቸውን አስቀምጠው «እውነቷን ነው፣ ልጄ» አሉ።

ደሜ ፈላ። «ሦስት እሑድ ከሰማችሁ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አምና ጊታርህ አልተቃኘም ስንልህ ጃኬትህን አንስተህ ወጥተህ አልነበር?» አለችኝ። ወጥቼ ነበር።

ሽማግሌው ሳጥኑን ከፍተው አዩት። ውስጡ ዘጠኙን ቮልት ወደ አሥራ ስምንት የምታሳድግ ትንሽ ቺፕ አለች። ስምንት እግር አላት፤ አንደኛው እግር ከስምንተኛው ጋር ካልተገናኘ ታፏጫለች። እኔ አላገናኘሁትም።

«ከእኛ ውስጥ ይሄን ያልረሳ የለም» አሉ ሽማግሌው። «ግን የረሳ ሰው ሲያፏጭ ይሰማና ያርመዋል። እስቲ ዙር።»

ዞርኩ። እህታችን ፔዳሉን ልታበራ ልታጠፋ፣ እኔ ፉጨቱን ስሰማ እጄን ላነሳ ተስማማን። ሦስት ጊዜ አነሳሁ፤ በልበ ሙሉነት።

«ሦስቱንም ጊዜ ጠፍቶ ነበር» አለች፣ የምትጦራቸውን አረጋውያን በምታናግርበት ለስላሳ ድምፅ። ያ ድምፅ ከፉጨቱ በላይ አናደደኝ።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእኔ ነበር። ሽማግሌው ሻይ ሊቀዱልኝ ነበር፤ «ይቅርብኝ ጋሼ፣ አይቀየሙኝ» ብዬ ፔዳሉን በሻርፔ ጠቅልዬ ወጣሁ። የምኖረው ሽቫንሃይም ነው፤ ትራሙ ከተማውን አቋርጦ እስኪያደርሰኝ ብዙ ማሰቢያ ጊዜ አለ። መጀመሪያ ያሰብኩት እነሱን ነበር፤ በሦስቱ እሑድ ከኋላዬ ምን ያህል እንደሳቁብኝ። ቀጥሎ አውሮፕላን ስር ያሳለፍኳቸውን ዓመታት፤ የሞተሩን ጩኸት የሚከላከለው ጆሮ መሸፈኛ እየሞቀኝ ስንት ጊዜ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬው እንደሠራሁ። ማይን ወንዝን ስንሻገር ነው ልጄ ትዝ ያለችኝ። በሯን ስትዘጋ ታየችኝ።

ቤት ስደርስ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች። ኮቴን ሳላወልቅ «ፔዳሌ ያፏጫል እንዴ?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «አዎ» አለች በጀርመንኛ፤ «በጣም። ራሴን ይወጋኛል።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪኝም?»

«የምትሰማው መስሎኝ ነበር» አለች። «የምትወደው መስሎኝ ነበር።»

«ፈረንጅ ሆነሻል ያልኩሽን ይቅር በይኝ» አልኳት። «እኔ አልሰማውም።»

ስልኳ ላይ የጆሮ ሐኪም ፈለገችልኝ። የሚቀርበው ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለቷ ነው፣ ከሦስት ወር በኋላ ነው አለችኝ፤ ያዢልኝ አልኳት። እኔ የምግብ ጠረጴዛው ላይ የመበየጃ ብረቴን አግዬ አንደኛውን እግር ከስምንተኛው ጋር በቀጭን ሽቦ አገናኘሁት። የዶሮ ኩስ ነው፤ ግን ይዟል። ለካ ቺፗ ማፏጨቷን አትተውም፤ ፉጨቷ የሰው ጆሮ ከሚሰማው በላይ ነው የሚቀጥነው።

ሶፋው ፊት ለፊት ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ፔዳሉን ረገጥኩ። «አሁንስ?»

አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። «ኒሽትስ» አለች። ምንም።

ለእኔ ከቅድሙ ያው ነበር። የእሑዱን መዝሙር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጫወትኩት፤ ዓይኔን ከእሷ ላይ ሳላነሳ። አልተነሳችም።