ሬዲዮው ካልዘፈነ

አጎቴ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። በእሱ ሕግ ሬዲዮ ዳነ የሚባለው ጀርባው ተገጥሞ፣ ጠረጴዛው ላይ ቆሞ፣ አንድ ዘፈን ከዳር እስከ ዳር ሲያሰማ ነው። ግማሽ ዘፈን አይበቃውም። «ግማሹንማ የታመመም ይዘፍነዋል» ይላል።

ዓይኑ መድከም ሲጀምር፣ ሙያው አብሮት እንዳይቀር ብዬ ስልኬን ከመብራቱ ክንድ ጋር አስሬ እጁን እቀርጽ ጀመር። የቀረጽነውን ኢንተርኔት ላይ እንጭነዋለን። በሁለት ዓመት መቶ አርባ ሬዲዮ ተከፈተ፣ ተበየደ፣ ዘፈነ። ከማስታወቂያ የምትመጣው ገቢም የሱቁን ኪራይ ትሸፍን ነበር።

አንድ ጠዋት ከአንድ ሙዚቃ አሳታሚ ኢሜይል ደረሰን። በየቪዲዮው መጨረሻ የሚሰሙት ዘፈኖች አብዛኞቹ የድርጅቱ ስለሆኑ የማስታወቂያው ገቢ ወደ እሱ ይዞራል ይላል። መቃወም ለሚፈልግ የሚሞላ ቅጽ አለ።

«ምን ብዬ ልጻፍ፣ ጋሼ?»

«እውነቱን ነዋ፣ የኔ ልጅ። ዘፈኑ የሰው ነው፤ ሬዲዮው ግን በእኔ እጅ ነው የዳነው በያቸው።»

እንዳለኝ ጻፍኩ። እንደማያዋጣን ጠርጥሬ ነበር፤ ግን እሱን ማረም አፈርኩ። መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ። ዘፈኑ የሌላ መሆኑን ራሳችሁ አምናችኋል፣ ክርክራችሁ ውድቅ ነው፣ ዘፈኖቹ በአሥር ቀን ካልወጡ ቻናሉ ከነቪዲዮዎቹ ይዘጋል።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ሰምታ በሳቅ ፈረሰች።

«ተከሶ ‹አዎ› የሚል ሰው ዛሬ ገና አየሁ!»

«ታዲያ ልዋሽ?»

«ማን ዋሽ አለህ? ዝም በል። ለዝምታም ኪራይ ይከፈላል እንዴ?»

አጎቴ አልሳቀም። እሷ ስትወጣ «መጨረሻ መጨረሻውን ልቁረጠው?» አልኩት።

«መዳኑን በምን ያውቃሉ?»

«አንተን ያምኑሃላ።»

«ሬዲዮው እያለ እኔን ማመን ምን አመጣው?»

ብሎኖቹን ከሳህኑ አንድ በአንድ እያነሳ መልሶ አስቀመጣቸው። ከዚያ «ቁረጪው» አለኝ፣ ፊቱን ሳያዞር።

አራት ቀን ፈጀብን። አጠገቤ ተቀምጦ እያንዳንዱን ዘፈን ለመጨረሻ ጊዜ እስከ ዳር ሰማ። «ይሄ የነርሷ ነው» ይላል፤ «ይሄ የዚያ ነጭናጫ ሹፌር። ሲዘፍንለት አለቀሰ፣ ታስታውሻለሽ?» እኔ ራሴን እነቀንቅና እቆርጣለሁ።

መቶ አርባ አንደኛውን ስንቀርጽ መርፌውን ጣቢያ በሌለበት ቦታ አቆመው። ሬዲዮው ሽሽሽ ብቻ አለ። ገንዘቡ እንደሆነ ሄዷል፤ ቻናሉ ግን ተረፈ ብዬ ደስ ሊለኝ ነበር። በማግስቱ ከቪዲዮው ሥር አንድ ሰው እንዲህ ጻፈ፦ «አባት፣ መጨረሻው የታለ? አልሠራም እንዴ?»

አነበብኩለት። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። ከዚያ ያንን ደህናውን ሬዲዮ ወደ ራሱ ሳበና ጀርባውን እንደገና ይፈታው ጀመር።