በተረከዙ ውስጥ የቀረው ቋጠሮ

ዓርብ ጠዋት ከጎብዬ ወደ ዋጃ የተነሣሁት አባቴ አንድ ካልሲ እንዳያደርግ ለመከልከል ነው። ካልሲውን የሠራሁት እኔው ነኝ።

አባቴ የስኳር ሕመምተኛ ነው። ከጉልበቱ በታች ስሜቱ እየደከመ ሄዶ፣ አሁን እሾህ ቢወጋው አያውቅም። በዐቢይ ጾም ቅዳሴ የሚገባው በቀትር፣ የሚወጣው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እሱ ደግሞ ጫማውን የሚያወልቀው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሳይሆን ከቅጽሩ በር ጀምሮ ነው። አምና በጾሙ መካከል የቆላው መሬት የውስጥ እግሩን አቃጠለው። ያወቀው ማታ እህቱ እትዬ ሙሉ እግሩን ስታጥበው ነው። ዘንድሮ ገና ጾሙ ሳይገባ የውስጥ እግሩ በድርብ ክር የተሠራ ካልሲ ጀመርኩለት። አራት ጊዜ ተርትሬ፣ በአምስተኛው ጨርሼ ሰኞ ዕለት ወደ ዋጃ በሚሄድ ጎረቤት ላክሁለት።

ሐሙስ ማታ ለመቀያየሪያ ሁለተኛውን ጥንድ ስሠራ ክር አለቀብኝ። አዲሱን ከአሮጌው ቋጥሬ ቋጠሮውን ወደ ውስጥ ገፋሁት። ጣቴ እዚያው ላይ ቀረ። በተላከው ካልሲም እንደዚሁ አድርጌአለሁ፤ በሁለቱም ተረከዝ ላይ። ሹራብ ስሠራ የለመድኩት ነው። ሹራብ ከሥሩ ሌላ ልብስ ስላለ ቋጠሮው ማንንም አይጎዳም፤ ከውጭ ንጹሕ ሆኖ ከታየ በቃ። የካልሲ ውስጥ ግን የሰው ቆዳ ነው፤ የአባቴ ቆዳ ደግሞ አይናገርም።

ወደ አባቴ ስልክ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ቤቱ ውስጥ ከዚያ ሌላ ስልክ የለም። እስኪነጋ አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ።

ጠዋት 4፡30፣ ጎብዬ

ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ እስክጠይቅ ረፈደ። የአለቃዬ በር ላይ ሁለቴ ቆሜ ተመልሻለሁ። በመጨረሻ ወረቀት ላይ ጽፌ ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩላቸው፤ ሳያነቡት በእጃቸው ሂጂ አሉኝ።

እስከ ቆቦ መቶ ብር ከፍዬ ሚኒባስ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩ። እጄ ሥራ እንዲይዝ ሁለተኛውን ጥንድ አወጣሁ። መርፌዎቼ ከብስክሌት ጎማ ሽቦ የተቆረጡ አምስት ናቸው። በእነሱ ላይ ያሉትን የክር ዓይኖች ስቆጥር ሃምሳ ስድስት መሆን ያለበት ሃምሳ አራት ይሆንብኛል፤ ደግሜ ስቆጥር ሃምሳ ሰባት። አጠገቤ ቲማቲም በሣጥን የያዘች የሮቢት ነጋዴ ነበረች። ብዙ ታግሣ፣

«በዚህ ሐሩር ካልሲ ለማን ነው?» አለችኝ።

«ለአባቴ።»

«ምነው፣ ጠልተሽዋል እንዴ?»

ከፊት ያሉት ሳቁ። ለማያውቁት ሰው ነገር ማስረዳት ያስጨንቀኛል፤ ያን ቀን ግን ስለ ቋጠሮው ሁሉንም ነገርኳት። ሳቋ ጠፋ። የእሷም እናት በዚሁ ሕመም የእግር ጣት እንደተቆረጠባቸው ነገረችኝና ሮቢት ስትወርድ፣ «አብሽሪ፣ ትደርሻለሽ ኢንሻአላህ» ብላ ሦስት ቲማቲም ጭኔ ላይ ጣል አደረገችልኝ። ከሮቢት በኋላ በመስኖ የለማው ሽንኩርት አረንጓዴ ነው፤ ከእሱ አልፎ የማሽላው ማሳ ታጭዶ አገዳው ብቻ ቆሟል። በምሥራቅ የዞብል ተራራ በአቧራው ውስጥ ደብዝዟል።

ቀትር፣ ቆቦ

የዋጃ መኪና ለመሙላት ሦስት ሰው ጎድሎት ቆሟል። ሾፌሩ ጥላ ሥር ተቀምጦ ስልኩን ያያል። ግመሎች ጨው ተጭነው በመናኸሪያው ጎን አለፉ፤ ሌላ ቀን ቢሆን እስኪያልፉ አያቸው ነበር። ስድስት ሰዓት ከሩብ ሆነ። ቅዳሴ ገብቷል። አባቴ ጫማውን አውልቋል ማለት ነው።

«እንሂድ» አልኩ። ማንም አልሰማኝም። ጮክ ብዬ ደገምኩት፤ ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ። ሾፌሩ ምን ሆነሽ ሲለኝ አባቴ እግሩን እየተጎዳ ነው ከማለት ሌላ ቃል አልመጣልኝም። የጎደለውን መንገድ ላይ እንለቅማለን ብሎ ተነሣ። በየመንደሩ እየቆመ ለቀመ፤ በመካከልም ጎማ ቀየረ።

9፡00፣ ዋጃ

የቅጽሩ በር ላይ ስደርስ ሕዝቡ እየወጣ ነው። አባቴ መቋሚያውን ተደግፎ ወደ በሩ ሲመጣ መጀመሪያ ያየሁት ተረከዙን ነው። ቋጠሮዎቹ በውጭ በኩል ናቸው። ካልሲውን ገልብጦ አድርጎታል።

ነጠላ ያጣፉ ሴቶች እያዩ ይሣሣቃሉ። አንዷ የጋሼ ካልሲ ቀንድ አበቀለ ትላለች። ለሰው እንዳይታይ የደበቅሁት ሁሉ በደብሩ ሕዝብ ፊት ወጥቶ ነበር። ሆኖም ያን ጊዜ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፤ ደርሻለሁ።

«አንቺ ደግሞ ምን አመጣሽ?» አለ አባቴ።

«ቋጠሮው።»

«ገልብጬዋለሁ። በእጄ ዳስሼ አገኘሁት።»

እትዬ ሙሉ ከኋላው ነበረች። «መቼ እንዳገኘኸው ንገራት እንጂ» አለችው። እሱ ጫማውን ይፈልጋል። እሷው ነገረችኝ፦ ማክሰኞና ረቡዕ ሳይገለብጠው ነው የቆመበት። ረቡዕ ማታ ስታጥበው ውኃው ቀላ።

ቤት ገብተን እግሩን አየሁት። ቀኝ ተረከዙ ላይ የጥፍር ያህል ቆዳ ተልጧል። ስልኩን ለምን እንደዘጋ ጠየቅሁት።

«ብትሰሚ ካልሲ መሥራት ትተያለሽ ብዬ ነው» አለ። «ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጬም ቢሆን መሬቱ አላቃጠለኝም።»

ይዤ የመጣሁትን ሦስት ቲማቲም ሰጠሁት።

ቅዳሜ

የጤና ጣቢያው ነርስ ቁስሉን አጥባ አሸገችው። ለሁለት ሳምንት ከቤት እንዳይወጣ፣ ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን እንዳይሄድ አዘዘችው። አባቴ ሌላ አልጠየቀም፤ ሁለት ሳምንት ሲቆጠር ሆሳዕናን ያልፍ እንደሆነ ብቻ ጠየቀ። አያልፍም።

የላክሁለትን ካልሲ ቋጠሮ ፈትቼ ጫፎቹን በመርፌ ልሸሽጋቸው ነበር፤ ግን ሥራው እንዲያምር ብዬ ከሥር ከርክሜአቸው ኖሮ የሚያዝ ነገር አጣሁ። ከጣቶቹ ጀምሬ እስከ ተረከዙ ተረተርኩት። የሦስት ሳምንት ሥራ በሩብ ሰዓት ጭኔ ላይ ተጠቀለለ። አዲሱን ክር ከአሮጌው ጎን አስተኝቼ ሰባት ዓይን ሁለቱን አንድ ላይ ሠራሁ፤ ያለ ቋጠሮ ያዘ። ትንሽ ወፈር ብሎ ከውጭ ይታያል። ተውኩት።

እሑድ፣ ወደ ጎብዬ

ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ የድምፅ ማጉያ ቅዳሴው ይሰማል። አባቴ ደጃፉ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ የታሸገ እግሩን ሌላ በርጩማ ላይ ሰቅሎ ተሰጥኦውን ይመልሳል። ተነሡ ሲባል በመቋሚያው ተደግፎ በአንድ እግሩ ሊነሣ ሞከረ፤ እትዬ ሙሉ ትከሻውን ይዛ መለሰችው። እኔ ሻንጣዬን ይዤ ቆሜ ነበር። ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ በቅዳሴው መካከል መናገር ከበደኝ፤ ጉልበቱን ስሜ ሄድኩ።

በመንገድ ላይ ምንም አልሠራሁም። ቤቴ ገብቼ ግን እስከ ዛሬ የሠራሁትን ሁሉ፣ የእኅቴን ልጅ ኮፍያና የራሴን ሹራብ ሳይቀር፣ ገልብጬ በጣቴ ዳሰስኩ። ስንት ነገር ወደ ውስጥ ገፍቼ እንደኖርኩ ያየሁት ያን ቀን ነው።

አሁን ማታ ማታ እደውላለሁ። አባቴ ሲያነሣ ደኅና ነኝ ይላል።

«ስልኩን ለእትዬ ስጣት» እለዋለሁ።

እግሩን ከውኃው አውጥታ እስክታደርቅ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ያየችውን ትነግረኛለች።