አንኮበር ሜዳ ላይ ያየኋቸው የገና ተጫዋች

በደርግ ጊዜ፣ በገና ዕለት፣ አንኮበር ሜዳ ላይ ስብሰባ ተጠራን። አጠገቤ የቆሙት ሽማግሌ የገና ዱላና ሩር የምትባለውን የእንጨት ኳስ ይዘው መጥተዋል፤ ቅልጥማቸው በድሮ ጠባሳ ተዥጎርጉሯል።

«የእነዋሪ ሜዳ ተሰነጣጥቆ ሩሯን ይውጣታል» አሉኝ ሳልጠይቃቸው። «የደብረ ብርሃኑ ልሙጥ ነው፤ ማንም ይጫወትበታል። ይኸኛው ግን ወደ ገደል ያዘነብላል፤ ሩሯን ያሳለፈ አልዩ አምባ ወርዶ ይፈልጋታል። ሰው የሚለየው እዚህ ነው።»

«አባባ፣ ጨዋታ ተከልክሏል!» ሲል ሊቀመንበሩ ከመድረኩ ጮኸ።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ፣ ልጄ።»

«ጌታ ድሮ ቀረ!»

«ታዲያ አንተ ምን ሆነህ ትቆጣለህ?»

ሕዝቡ ሳቀ። እኔ ግን ፈራሁላቸው፤ በዚያ ዘመን በቀልድ የታሰረ ሰው አውቃለሁ። እሳቸው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ሩሯን ወደ መድረኩ ለጓት። ሁለት ጎልማሶች የያዙትን መፈክር ከእንጨቱ ላይ አውልቀው፣ በእንጨቱ ሊመልሷት ሮጡ።